ገፍተው የማያስነሷት መኪና

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለሽልኝ? ትልቁ እንዴት ነው፣ አዲሱን ክፍል ለመደው? ትንሿስ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ቆርጠም ያደርገኛል፤ እሱም ቢሆን ሰሞኑን በየጋራዡ ስንከራተት ያመጣሁት እንጂ የእርጅና አይደለም። ወንድምሽም ደህና ነው። ቤቱም ደህና ነው። የድሮ ክፍልሽ ጣሪያ ያፈስ ነበር፣ አስጠገንኩት። ግድግዳውንም ቀለም አስቀባሁት።

ደብዳቤውን በምታስተምሪበት ትምህርት ቤት አድራሻ መላኬ አይግረምሽ። የቤታችሁ የፖስታ ሳጥን ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ ስልክሽ የሚነሳው ሁልጊዜ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ተደርጎ ነው። «እንዴት አደርሽ» ስል ካንቺ መልስ በፊት የሌላ ሰው ሳል እሰማለሁ። ስለዚህ ብዕር አነሳሁ። ከጻፍኩ ዘመን ስለሆነኝ ፊደሌን ታገሺኝ፤ አስተማሪ ነኝ ብለሽ በቀይ እንዳታርሚኝ።

እጅሽ እንዴት ሆነ? ጄሶው ተፈታልሽ? ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው ብለሽኛል። እኔ እናንተ ቤት ስመጣ ደረጃ አላየሁም። ምናልባት ከዚያ ወዲህ አሠርታችሁ ይሆናል። እሺ ይሁን።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። መኪና ልገዛ ተነሳሁ። አትሳቂ። መንጃ ፈቃዴን አውጥቻለሁ፤ ለማንም ሳልናገር ነው የተማርኩት። አስተማሪዬ ካንቺ የሚያንስ ልጅ ነው። «እማማ፣ መሪ እኮ ነው፣ አይጭመቁት» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ስጨምቅ የኖርኩ ሴት ሌላ ምን ላድርግ? መጀመሪያ ቀን ላብ በላብ ሆኜ ነው የወረድኩት። ፈተናውን ግን በአንዴ አለፍኩ። ከእኔ ጋር የተፈተኑት ጎረምሶች ሁለቱ ወድቀዋል፤ ይህን ለመኩራት ሳይሆን እንድታውቂው ያህል ነው የምጽፍልሽ።

ገንዘቡ ደግሞ ሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ዘግቶ ሲያሰናብተን የሰጠን ነው። ብዙ አይደለም። ወንድምሽ የባንክ ሰው አይደል፣ ካላስቀመጥሽው እያለ ጆሮዬን በልቶታል። መኪና የሚለውን ቃል ሲሰማ የያዘው ሹካ ከእጁ ወደቀ። ገበያው አፍንጫሽ ሥር ነው፣ ሐኪም ቤት እኔ አደርስሻለሁ፣ መኪና ምን ያደርግልሻል አለኝ። አውቶቡስ ሰለቸኝ አልኩት። ውሸትም አይደለም። እናንተ ጋ ለመምጣት ቀኑን ሙሉ ተንቀጥቅጬ እደርሳለሁ፤ በማግስቱ ገና ጎኔ ሳያርፍ ባለቤትሽ የመመለሻ ትኬቴን ቆርጦ ያመጣልኛል። ሰው አክባሪ ነው መቼም፤ ሁልጊዜ መስኮት ዳር ያለውን ወንበር ነው የሚቆርጥልኝ።

ልጄ፣ በትንሽ ገንዘብ ደህና መኪና ከመፈለግ በጭለማ ጥቁር ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ይቀላል። የመጀመሪያው ደላላ ያለኝን ነግሬው ጸጉሩን አከከና፣ «ማዘር፣ በዚህ ጎማና መሪ ይገኝልዎታል፤ መሃሉን እግዜር ይሙላው» አለኝ። ምን ዓይነት እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ቀለሟና ዓመቷ ግድ አይሰጠኝም አልኩት። አራት በር ይኑራት። የኋላ በሮቿ ሕፃን ልጅ ከውስጥ እንዳይከፍታቸው የሚቆለፉ ይሁኑ። ማለዳ በብርድ በአንድ ቁልፍ ትነሳ። ሳትጮህ ትሂድ። ረጅም መንገድ ሄዳ በዚያው ቀን መመለስ ትቻል። ደላላው ሳቀና ማዘር መኪና ሳይሆን አምቡላንስ ነው የፈለጉት አለኝ።

ያ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሁሉን አውቄ» የሚለው፣ ትዝ ይልሻል መቼም። ወንድ አብሮሽ ካልቆመ ዋጋ ይከምሩብሻል ስላሉኝ እሱን ይዤ መዞር ጀመርኩ። ሰውየው ዕድሜ ልኩን መኪና ኖሮት አያውቅም፤ የሚያውቀው የስፌት ማሽኑን ነው። ግን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደጣለ ይመጣና ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፣ ጎማውን በእግሩ ይነካል፣ ከዚያ እንደ ሐኪም ራሱን ይነቀንቃል። ምን ታየህ ስለው «ይታሰብበት» ይላል። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ባስታውስ እብዳለሁ።

የመጀመሪያዋ ቀይ ነበረች። ደላላው በሴት እጅ የተያዘች፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ የምትሄድ፣ ዝናብ ያላያት እያለ አሞገሳት። ቀለሟ ትናንት የተቀባ ያህል ያበራል። ሁሉን አውቄ ሞተሯን አዳመጠና አንበሳ ናት አለ። እኔ ውስጥ ገብቼ እግሬን ሳሳርፍ ምንጣፉ ረገብ አለብኝ። ገለጥ ባደርገው የመንገዱን ጠጠር አየሁት። ወለል የላትም፣ ልጄ! ደላላው ሳያፍር፣ ይሄ እኮ ለክረምት ጥሩ ነው፣ ውሃ አይቋጥርም አለኝ። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ፣ እግሯ ምን ያህል አጭር እንደሆነ አስቤ አንቄ ልጥለው ምንም አልቀረኝም።

ሁለተኛዋን አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ግቢው በር ላይ አቁሞ ነበር የጠበቀን። እኔ ስለ ፍሬኑ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ ለሁሉን አውቄ ይመልሳል። እኔ ዳገት ላይ ልሞክራት እላለሁ፣ እሱ ለሁሉን አውቄ «ሴትዮዋ መንዳት ይችላሉ?» ይለዋል። ቁልፉን ሲያዞር ወዲያው ተነሳች። ግን ኮፈኑን ስነካው ትኩስ ነበር፤ ቀድሞ አሙቋት ነው። ነገ እመለሳለሁ አልኩና በማግስቱ ሳልናገር በማለዳ ሄድኩ። መነጽራሙ ሰውዬ መሪ ይዞ ተቀምጧል፤ ጎረቤቶቹ ከኋላ ሆነው ቁልቁለቱን ይገፉለታል። ሲያየኝ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። እኔም ተመለስኩ። የሚገፋልኝ ሰው በሌለበት ቦታ ማስነሳት ያለብኝ ሴት መሆኔን እንዴት ብዬ ላስረዳው?

ሦስተኛዋ ግን ልቤን ሰበረችው። ግራጫ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ አራት በር አላት፣ የኋላ መቆለፊያዋ ይሠራል። ዳገት ወጣሁባት፣ ቁልቁለት ወረድኩባት፣ አላሳፈረችኝም። ሁሉን አውቄ እንኳ «ይታሰብበት» ማለት ረሳ። ተስማማን፣ ቀብድ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ የትንሿን ብርድ ልብስ አውጥቼ አጠብኩ። ስም ለማዛወር ስንሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ሊብሬውን አገላበጠችና መኪናዋ በዕዳ የተያዘች ናት፣ አትሸጥም አለችኝ። የሸጠልኝ ሰውዬም ባለቤቷ አይደለም፤ የባለቤቷ አማች ነው ለካ። ዞር ስል ሰውዬው የለም። ደላላው ጋ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ኋላ ደላላውን አፈላልጌ ከቀብዱ ግማሹን በስንት ልመና አስመለስኩ፤ ግማሹ እንደ ወጣ ቀረ።

ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቼ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ለገንዘቡ አልነበረም። ወራቱ ነው የቆጨኝ። እኔ በየጋራዡ ስዞር ስንት ማታ እንዳለፈ፣ በየማታው እናንተ ቤት ምን እንዳለፈ እያሰብኩ ነበር። ሁሉን አውቄ ከጎኔ ቁጭ አለ። ተነስቶ ሄዶ ውሃ ገዝቶ መጣና ቦርሳዬን ያዘልኝ። አውቶቡስ ላይ እንኳ አላስረከበኝም፤ እቤቴ በር ድረስ ተሸክሞት መጣ።

ልንገርሽ፣ በደላሎቹ ላይ የተናደድኩትን ያህል ባንቺም ተናድጃለሁ። እነሱ ዝገቱን ቀለም ቀብተው ያሳዩኛል፤ እንጀራቸው ነው። አንቺ እኔን እናትሽን «ደህና ነኝ፣ ሁሉ ሰላም ነው» ስትዪኝ ምን ልትሸጪልኝ ነው? በበጋ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሸሚዝ ለብሰሽ ስትቀበዪኝ ብርዳም ሆኛለሁ አልሽ። አንቺ ብርዳም ሆነሽ አታውቂም። በልጅነትሽ ብርድ ልብሱን የምትገፊው አንቺ፣ ከመሬት የማነሳው እኔ ነበርኩ። ትልቁ ልጅሽ ደግሞ በር ሲከፈት ማንኪያውን አስቀምጦ እጁን ጭኑ ሥር ይከታል። ልጅ እንዲህ ያለ ልማድ ከየትም አያመጣም። ምንም አላልኩም። በማግስቱ መስኮት ዳር ተቀምጬ እስከ ቤቴ ድረስ ምንም አላልኩም።

እሺ፣ ወደ መኪናዬ ልመለስ።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ወንድምሽ መጣ። የቀብዱን ነገር ሰምቷል። «እማዬ፣ አላልኩሽም?» ከሚለው ጀመረ። አላልከኝም አላልኩትም፤ ብሎኛላ። ሻይ አቀረብኩለት። ከዚያ እንደ ማዘን አለና ስልኩን አውጥቶ ራሱ መኪና ይፈልግልኝ ጀመር። አንዲት ትንሽ፣ ርካሽ፣ ሁለት በር ያላት አሳየኝ። ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ናት አለ። አልፈልግም አልኩት። ሌላ አሳየኝ፤ እሷም ሁለት በር ናት። አልፈልግም። ትዕግሥቱ አለቀ። ብቻሽን ትኖሪያለሽ፣ አራት በር ምን ይሠራልሻል? ሰፊ የዕቃ መጫኛ ምን ልትጭኚበት ነው? የሕፃን መቆለፊያስ፣ እኔ ጎልማሳው ሰውዬ ነኝ ተከፍቶብኝ የምወድቀው? እያለ ድምፁን ከፍ አደረገ።

ከዚያ መሃል ላይ ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ነው የቀረው። የስልኩ መብራት እጁ ላይ ጠፋ፣ መልሶም አላበራውም። እኔም ሻዬን አማሰልኩ። ድምፁ ቀጥኖ፦

«እጇ የተሰበረው መቼ ነው?» አለኝ።

«የትኛው?» አልኩት።

ተነሳና የጠጣበትን ብርጭቆ አጠበ። ወንድምሽን ታውቂዋለሽ፤ ከተወለደ ጀምሮ ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም። አገላብጦ ደጋግሞ አጠበው፣ አደረቀው፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠውና ወጣ። በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ነው የመጣው። የባንክ ሸሚዙን እንደለበሰ «የት የት ነው የምናየው?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የተንከራተትነው ሁለታችን ነን። ስንቱን እንዳየን አልዘረዝርልሽም፤ አንዷ ወደ ኋላ ብቻ የምትሄድ፣ አንዷ በሯ በገመድ የታሰረ፣ አንዷ ጭሷ ሰፈር የሚያስለቅስ ነበረች። ወንድምሽ በየመኪናው ሥር በጀርባው እየገባ ሸሚዙን ዘይት አስነካው። ልብሱን ማጠብ ከተውኩለት ወዲህ እንደዚያ የቆሸሸ ሸሚዝ ለብሶ አይቼው አላውቅም። አንድም ቀን ግን «ባንክ ብታስቀምጪው» አላለኝም።

በመጨረሻ የአንድ የቧንቧ ሠራተኛ መኪና አለች አሉንና በማለዳ ሳንነግረው ሄድን። ሰውየው ፊቱን እየታጠበ ነበር። መኪናዋን ሳያት ልመለስ ዳዳኝ። እንዲህ ያለች አስቀያሚ አይቼ አላውቅም! ሰማያዊ ናት፤ አንደኛው የኋላ በሯ ግን ከሌላ መኪና የመጣ ነጭ ነው። ቧንቧ ሲጫንባት የኖረ ጣሪያዋ ተቧጭሯል፣ ውስጧ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ሰውየው ፊቱን በፎጣ እያደረቀ መጣና ማሞገስ ትቶ ነውሯን ይነግረን ጀመር። የግራው የኋላ መስኮት አይወርድም። ሬዲዮው ከመንሾካሾክ በቀር አይናገርም። የነዳጅ ልኩ ሁልጊዜ ግማሽ ነው የሚለው፤ እንዳታምኑት፣ በሄዳችሁበት መንገድ አስሉ አለን። የሚሸጣት ሥራው ሰፍቶ የጭነት መኪና ስለገዛ ነው። መልክ የላትም፣ ግን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም አለ።

ኮፈኑን ነካሁት፤ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ቁልፉን ተቀብዬ አዞርኩ። ልክ እንደ ሰው ጉሮሮዋን ጠረገችና ተነሳች። አጠፋኋት፣ ደግሜ አዞርኩ። ተነሳች። ዳገቱን ወጣንባት፣ ከከተማ ወጥተን ረጅሙን ጎዳና ሄድንባት። ወንድምሽ ከኋላ ተቀምጦ በሩን ከውስጥ ለመክፈት ታገለ፤ አልከፈት አለው። ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ ነበር። አቧራ ነው አለኝ። እሺ አልኩት።

ስንመለስ በዋጋ መከራከር ጀመርን። የቀብዱ ግማሽ ከቀረብኝ ወዲህ ያለኝ አይደርስም። የቧንቧ ሠራተኛውም ቤተሰብ ያለው ሰው ነው፣ ዝቅ ለማለት አልቻለም። እኔ ያስጨነቀኝ ድካሙ ነው፤ እንደገና ደላላ፣ እንደገና «ማዘር»፣ እንደገና ምንጣፍ መግለጥ። በመሃል ሰውየው እንዲያው ለወግ ያህል «ሩቅ ልትሄዱባት ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ለገበያ ልል አፌን ስከፍት ወንድምሽ ቀደመኝ።

«እህቴን ልናመጣት ነው» አለው። «ከልጆቿ ጋር።»

እኔ ይህን ነገር እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለራሴ እንኳ በቃል አልተናገርኩትም ነበር። ብርድ ልብሱን ማጠብ፣ ጣሪያውን ማስጠገን፣ መኪናዋን መፈለግ ነበር ሥራዬ። ጆሮዬ ሲሰማው መኪናዋን ተደገፍኩ። የቧንቧ ሠራተኛው አንዴ ልጄን፣ አንዴ እኔን አየ። ወደ ጓዳው ገባና አንድ ጎማ እያንከባለለ መጣ። ከኋላ ያለውን ትርፍ ጎማ አውጥቶ ያንን አዲሱን አስገባበት። ከዚያ «ያላችሁን ስጡኝ» አለ። ወንድምሽ ግን አልተቀበለም፤ የጎደለውን ከራሱ ሞላና ሰውየው የጠራውን ዋጋ ከፈለው። በዚህኛው ጊዜ ስሙም በሰላም ተዛወረ። አሁን መኪናዋ በሬ ላይ ቆማለች። ሁሉን አውቄ በየቀኑ ይመጣና ኮፈኗን መታ መታ ያደርጋታል።

እንግዲህ ልጄ፣ የምልሽን በደንብ አንብቢው። ረቡዕ ረቡዕ ባለቤትሽ ሥራ ቦታ ስብሰባ ስላለው እንደሚያመሽ ትንሿ ነግራኛለች። በሚመጣው ረቡዕ ተማሪዎች ሲለቀቁ አንቺ ከምታስተምሪበት፣ ልጆቹም ከሚማሩበት ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት፣ የደብተር መሸጫው ሱቅ አጠገብ ቆሜ እጠብቃለሁ። ቤታችሁ ድረስ አልመጣም። መኪናዋን ለመለየት አትቸገሪም፤ እንዲያ ያለች ሌላ የለችም። ልጆቹ ከቦርሳቸው ሌላ ምንም አይያዙ። አንቺም የትምህርት ማስረጃሽን ያዢ እንጂ ለልብስ ብለሽ ምንም እንዳትነኪ። ልብስ አለ። የትልቁን በዓይኔ ገምቼ ነው የገዛሁት፤ ቢረዝምበት ልብስ ሰፊ ጎረቤት አለን። ወንድምሽ አብሮኝ ይመጣል። እኔ ልንዳ ብሎ ነበር፤ መኪናዋ የእኔ ናት አልኩት። ከኋላ ከልጆቹ ጋር ይቀመጣል፤ የፊተኛው ወንበር ያንቺ ነው።

ልብሽ ካልፈቀደ አልቆጣሽም። አልጣራም፣ ማንንም ልኬ አላስጠራሽም፣ ያሳፍረኛል የምትዪውን ነገር አላደርግም። በሩ እስኪዘጋ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ከዚያ በሳምንቱ እመጣለሁ። በዚያም ካልሆነ በሌላኛው። ጡረተኛ ነኝ፤ ሥራ የለኝም፤ ረቡዕ ደግሞ በየሳምንቱ አለ።

ይህን ስትጨርሺ ቀዳደሽ ተማሪዎችሽ ከሚጥሉት ወረቀት ጋር ጣይው። በደብዳቤ ወግ ለቤቱ አባወራ ሰላምታ መላክ ደንብ መሆኑን አልረሳሁም። ለእሱ የሚሆነውን ግን አንቺና ልጆቹ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ቁርሳችሁን ስትበሉ እኔ ራሴ እጽፍለታለሁ።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። እግርሽ ከመንገድ አይጉደል፣ ልብሽ ከፍርሃት ይረፍ፤ የሚከተልሽ ዓይን ይጨልምበት፣ የሚጠብቅሽ ደጅ ይብራልሽ። ሌላውን ስንገናኝ ታወሪኛለሽ፤ ባታወሪኝም ግድ የለም፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ዝም ብለን እንመጣለን።

የምትወድሽ እናትሽ